የስንፈተ ወሲብ ኪኒን ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ቪያግራ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ወንድን የሚያነቃቃ፣ ጉልበት የሚጨምር ኪኒን ነው» አለ። ይህ አዲስ አይደለም፣ በየሰፈሩ የሚባል ነው። ቀጠለና ግን «መጀመሪያ የተሠራው ለልብ ስለሆነ ልብንም ያጠነክራል» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምውለው። ይቺ ሁለተኛዋ አባባል ሰው ልትገድል ትችላለች።

በመጀመሪያዋ ልጀምር። ሲልዴናፊል (የቪያግራ ዋና ንጥረ ነገር ነው) ፍላጎት አይፈጥርም። ጉልበትም አይሰጥም። ስሜት ሳይኖር በራሱ ብልትን አያቆምም። ኪኒኑን ውጦ ቴሌቪዥን እያየ የሚጠብቅ ሰው ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና የአፍንጫ መደፈን ሊያገኝ ይችላል። የጠበቀው ነገር ግን ላይመጣ ይችላል።

ቆቦ አካባቢ በመስኖ ያረሰ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ውሃ ወደ ማሳ የሚገባው የውሃ አባቱ (ውሃ አከፋፋዩ) ከላይ ሲለቀው ነው። በሰውነታችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ስሜት ሲነሳ ከነርቮችና ከደም ሥር ግድግዳ ይለቀቃል፤ የብልት ጡንቻ ይላላል፣ ደም ይገባል። ይህ ጋዝ በደም ሥር ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ያወቁት ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመዋል። ቪያግራም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት ነው። ታዲያ ማሳው ሲጠጣ ቦዩን የሚዘጋ ሰውም አለ። ያ ዘጊ ፒዲኢ-5 የሚባል ኢንዛይም ነው። ኪኒኑ የሚያደርገው የዚህን ዘጊ እጅ መያዝ ነው። በቃ። ከላይ ማንም ውሃ ካልለቀቀ የዘጊው እጅ ተያዘ አልተያዘ ማሳው ደረቅ ነው።

ቦዩ በደለል የተሞላም እንደሆነ ውሃው ቢለቀቅም አይደርስም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራና የደም ቅባት የሚያደርጉት ይህንን ነው። ደለል ደግሞ ቶሎ የሚታወቀው ጠባቡ ቦይ ላይ ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይጠብባሉ። ስለዚህ ስንፈተ ወሲብ አንዳንዴ የልብ ሕመም ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት የሚታይ ምልክት ነው። ኪኒኑን ከመንገድ ገዝቶ የሚውጥ ሰው ይህን ምልክት ሸፍኖት ይሄዳል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ስኳሩና ግፊቱ ቢለካ ኖሮ ገና በጊዜ ይደረስበት ነበር። አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒቶችም ችግሩን ሊያመጡ ይችላሉ፤ እንደ አቴኖሎልና ፍሉኦክሰቲን ያሉት። ጠረጠራችሁ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጧቸው፣ ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩት።

አሁን ወደ ልብ። እርግጥ ነው፣ የፋይዘር ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ ሲልዴናፊልን የሞከሩት ለደረት ሕመም ነበር። ለዚያ ግን አልሆነም። በሙከራው የገቡ ወንዶች የተናገሩት ሌላ ነገር ሆነ፣ ጥናቱም ወደዚያው ዞረ። ለአንድ ሕመም ተሞክሮ ያልሆነ መድኃኒት እንዴት ተብሎ ለዚያው ሕመም ይመከራል? አንድ እውነት አለ፦ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ላለባቸው ሕሙማን ሲልዴናፊል በሌላ መጠን ይታዘዛል። ያ ግን ሐኪም እየተከታተለ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ልብን ከማጠንከር ጋር አይገናኝም።

አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ የሳል ሽሮፖቹን እያዩ ቆዩ።

«ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ያችን… የወንዶችን ስጠኝ።»

«የሐኪም ማዘዣ ይዘዋል?»

«ለዚችም ማዘዣ?»

«አዎ፣ ለዚችም። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለኝም።»

ገንዘብ ሊያወጡ ኮታቸውን ሲገልጡ ትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አየሁ። ይቺስ ምንድን ናት አልኳቸው። «እሷማ ሲወጋኝ ብቻ ነው። ከምላሴ ሥር ነው የማደርጋት።»

ናይትሮግሊሰሪን የምትባለው የደረት ሕመም መድኃኒት ነበረች። ለእሳቸው ሲወጋ ብቻ የምትደረግ ነገር መድኃኒት አትባልም፤ መድኃኒት ማለት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። እሷም ሆነች በየቀኑ የሚዋጠው አይሶሶርባይድ የሚሠሩት ያንኑ ጋዝ በመላ ሰውነት በመልቀቅ ነው። ከእነዚህ አንዱና ቪያግራ ሲገናኙ የውሃ አባቱ ቦዩን ሁሉ ባንዴ ከፈተ፣ የዘጊዎቹም ሁሉ እጅ ተያዘ ማለት ነው። ውሃው በየማሳው ይበተናል፣ ዋናው ቦይ ይጎድላል። የደም ግፊት በአንዴ ይወርዳል። ልብ ራሱ ደም ያጣል። ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ኪኒኑን አልሰጠኋቸውም። ስለ ደረታቸውም ስለዚህም ጉዳይ አብረው እንዲነጋገሩ ወደ ሐኪማቸው መለስኳቸው።

የልብ ሕመም ያለበት ሁሉ ይከልከል እያልኩ አይደለም። ብዙ ግፊታቸው የተስተካከለ ሰዎች በሐኪም ትዕዛዝ ይወስዱታል። ናይትሬት (እንደ ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ ያለ መድኃኒት) ከሚወስድ ሰው ጋር ግን ድርድር የለም። ለፕሮስቴት እንደ ታምሱሎሲን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ፤ ሲልዴናፊልን በደሙ ውስጥ ብዙ እጥፍ ያበዛዋል።

ጤነኛ ጎረምሶችም አሉ። ከበርጫ በኋላ «እንዳልዋረድ» ብለው የሚውጡት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ኪኒኑ ከሚሠራው ተቃራኒ ነው። አንዱ ሲጎትት አንዱ ይለቃል፣ መሀል ላይ ያለው ልብ ነው። የማያስፈልገውን ኪኒን የለመደ ልጅ ደግሞ ውሎ አድሮ ያለ እሱ አልችልም ብሎ ያምናል። ሰውነቱ ምንም ሳይሆን ፍርሃቱ ያሸንፈዋል።

«አንድ ውጬ አልሠራልኝም፣ ሁለት ልጨምር» የሚለውንም አልወደውም። ሲልዴናፊል ከግንኙነት 1 ሰዓት ገደማ በፊት፣ በቀን ከአንድ ጊዜ ሳይበልጥ ነው የሚወሰደው። ቅቤና ጮማ የበዛበት ምግብ ከተበላ ሥራው ይዘገያል። አልሠራም ያለው ሰው ምናልባት ክትፎ በልቶበት ነው፣ ምናልባት ስሜቱ አልነበረም፣ ምናልባት ቦዩ ደለል ይዟል። ከእነዚህ አንዱንም ሁለተኛ ፍሬ አይፈታውም። ታዳላፊል የሚባለው ወንድሙ እስከ 36 ሰዓት ይሠራል፤ እሱ ላይ የሚደርብ ሰው ሳያውቅ ሁለት ቀን ይዞ ይዞራል። «የተፈጥሮ ማር» እየተባለ ለወንዶች የሚሸጠውንም ተጠንቀቁ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉ ማሮችን መርምሮ ያልተገለጸ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል አግኝቶባቸዋል። ናይትሬት የሚወስድ ሰው ማር በላሁ ብሎ ይህንኑ ሊውጥ ይችላል።

ኪኒኑን ወስዶ ብልቱ ለ4 ሰዓት ያህል ቆሞ ያልበረደለት፣ ወይም አንድ ዓይኑ ድንገት የጨለመበት ሰው ነገ ይሻለኛል ሳይል ሆስፒታል ይሂድ። ኪኒኑን ከዋጣችሁ በኋላ ደረት ከወጋችሁ የምላስ ሥሯን ናይትሮግሊሰሪን አታድርጉ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሲልዴናፊል ከሆነ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት እስኪያልፍ ናይትሬት አይሰጥም። ሐኪሙ ይህን የሚያውቀው እናንተ ስትነግሩት ነው። የዋጣችሁትን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና የዋጣችሁበትን ሰዓት ንገሩት። ቤተሰብ አጠገባችሁ ቆሞ ካፈራችሁ «ለብቻችን እንነጋገር» በሉት፣ ያስወጣላችኋል።