ዓይኑን መክደን ለማይችል ሰው
ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ማንም ልብ አይለውም። የዓይኑ ቆብ ወርዶ በተነሳ ቁጥር እንባውን በኮርኒያ፣ ማለትም በዓይን ፊት ባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ላይ ያዳርሳል፣ አቧራውን ይጠርጋል። ቆቡን የሚዘጋው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። የሚከፍተው ሦስተኛው። ሰባተኛው ብቻ ሲጎዳ ታዲያ ዓይን ክፍቱን ይቀራል። ኮርኒያው ይደርቃል፣ ይላላጣል፣ ይቆስላል፤ ኢንፌክሽን ከገባበት ደግሞ ጠባሳው ብርሃን እስከመንሳት ይደርሳል።

ብዙ የተጻፈው ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እዚያ በማደንዘዣና በጡንቻ ማዝለያ መድኃኒት የተኛ ሰው "ዓይኔን ቆረቆረኝ" አይል ነገር፣ የሚያይለት ነርሷ ናት፤ ሐኪሙ እስኪመጣ ብዙውን ዓይን ያተረፉት ነርሶች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በየፈረቃው ባትሪ ይዛ ጎንበስ ትልና ቆቡ ገጥሞ እንደሆነ ታያለች። ነጩ ብቻ ከታየ አንድ ነገር ነው፣ ኮርኒያው ከታየ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቅባት ይሻላል ወይስ እርጥበት የሚይዝ ስስ ላስቲክ መሸፈን የሚለው ያከራክራል፤ በርካታ ጥናቶች ወደ ላስቲኩ ያዘነብላሉ፣ እኔም እንደዚያው። ደረቅ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) በተከፈተ ዓይን ላይ ማድረግ እንደማይገባ ግን ክርክር የለውም፣ ይፍቃል። አክታ ሲመጠጥም ቱቦውን በፊት ላይ አለማሳለፍ ነው፣ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አእምሮው ነቅቶ ሳለ መላ አካሉ ሽባ የሆነበት ሰው ሁኔታ ሎክድ-ኢን ሲንድረም ይባላል፤ ስሙ የወጣው በ1966 ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና ማርገብገብ ብቻ ስለሆነ፣ ዓይኑ ምላሱ ነው። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዣን-ዶሚኒክ ቦቢ በ1995 ስትሮክ ሲመታው፣ ኮርኒያው እንዳይቆስል የቀኝ ዓይኑ ቆብ ተሰፋ። በግራው ቀረ። ሰው ፊደላቱን ሲጠራለት በሚፈልገው ላይ እያረገበገበ መጽሐፍ አስጻፈ።

ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ በሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ. በሚባለው በሽታም ዓይን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ብዙ ጊዜ መጨረሻ ድረስ ይቆያሉ። ቆቡ አልዘጋ ላለ ሰው ደግሞ፣ በክብደቱ እንዲወርድለት ላይኛው ቆብ ላይ ትንሽ ወርቅ መትከልም አለ።

በዓይኑ እንቅስቃሴ ኮምፒውተር ለሚያዝ ሰው ቅባት እይታ ያደበዝዛል፣ ዓይኑን የሚከታተለውን ካሜራም ያሳስታል። ቀን እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል የሌለው ጠብታ፣ ቅባቱ ለማታ። የመተንፈሻ ጭንብል ካለ እጅን አፍንጫው አናት አጠገብ አድርጎ መፈተሽ ነው፤ ነፋስ ከተሰማ እሱው ነው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሲያደርቅ ያደረው።