ስለ ልምምድ ጥይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዒላማ ተኩስ ስፖርት ስለ ጥይት የማይመክር ሰው የለም። ብዙው ምክር ግን ማንም ሳይፈትነው ከአንዱ ተኳሽ ወደ ሌላው ሲዞር የኖረ ነው። ለልምምድ ጥይት ስንመርጥ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሁለተኛው ጥይት የመጀመሪያውን፣ መቶኛውም ሁለተኛውን እንዲመስል። ወጥ ያልሆነ ጥይት ልምምዱን ራሱን ያበላሻል። ምቱ ሲስት ጥፋቱ የእጃችን ይሁን የጥይቱ መለየት አንችልምና።

«ውድ ጥይት ምንጊዜም ይሻላል»

ውድ ጥይት በከንቱ አልተወደደም። የባሩዱ መጠን፣ የአረሩ (ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው ክፍል) ክብደትና የቀለሁ (ባሩዱን የሚይዘው ቅርፊት) ልክ በጥብቅ ቁጥጥር ይሠራሉ። ግን ዋጋው ስለ እናንተ ጠመንጃ ምንም አይነግራችሁም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ሞዴል የሆኑ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ የሚስማማቸው ጥይት ሊለያይ ይችላል። የበርሜሉ ውስጣዊ ልክና የመጉረሻው ክፍል ጥቃቅን ልዩነቶች ውጤቱን ይቀይሩታል።

ይህ በተለይ በ.22 ሎንግ ራይፍል፣ በዒላማ ተኩስ በብዛት በሚተኮሰው ትንሽ ጥይት፣ ላይ ጎልቶ ይታያል። በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የ10 ነጥቡ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ልዩነት ነጥብ ይበላል። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ሦስት አራት ዓይነቶችን ትንሽ ትንሽ ገዝቶ በራስ ጠመንጃ መፈተን፣ አንድ ካርቶን ውድ ጥይት በጭፍን ከመግዛት በብዙ ይሻላል። ካርቶኑ ላይ «ማች» (ለውድድር የተሠራ) የሚል ቃል ስላያችሁም አትዘናጉ። ቃሉ ሁሉም አምራች የሚከተለው አንድ የጋራ መለኪያ የለውም።

«ስሙ አንድ ከሆነ ጥይቱም አንድ ነው»

አይደለም። ፋብሪካ ጥይት የሚያመርተው በዙር በዙር ነው። እያንዳንዱ ዙር ሎት ይባላል፣ ቁጥሩም ካርቶኑ ላይ ይታተማል። ባሩዱ ወይም እርሳሱ ከሌላ ዙር ሲመጣ ጥይቱም ትንሽ ይለወጣል። እንደ ኢሊ እና ላፑዋ ያሉ አምራቾች ተኳሾች ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው የተለያዩ ሎቶችን የሚፈትኑባቸው ማዕከላት ያቋቋሙት ለዚህ ነው። የሚስማማችሁን ሎት ካገኛችሁ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ከዚያው ከራሱ ሎት በርከት አድርጋችሁ ግዙ።

«ፈጣን ጥይት በደንብ ይመታል»

ይህ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። «ሃይ ቬሎሲቲ» (ከፍተኛ ፍጥነት) ተብሎ የሚሸጠው .22 ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ 100 ሜትር ሳይደርስ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል። በዚያ ሽግግር ላይ አየሩ አረሩን ያናውጠዋል። ለውድድር የሚሠራው .22 ግን በአብዛኛው በሰከንድ ከ320 እስከ 330 ሜትር ይወጣል። ከመነሻው ከድምፅ በታች ስለሆነ ይህ ችግር አያገኘውም።

ነፋስም አለ። ፈጣኑ .22 በነፋስ የሚገፋው ከዝግተኛው የበለጠ ነው። ምክንያቱም ከድምፅ ፍጥነት አካባቢ የአየር መቋቋም በጣም ስለሚጨምር፣ ፈጣኑ ጥይት በጉዞው ላይ የሚያጣው ፍጥነት ብዙ ነው። አረሩን ወደ ጎን የሚያስኬደውም ይህ ኪሳራ ነው። ፈጣኑን የምመክረው ራሱ የሚያጎርስ ሽጉጣችሁ ወይም ጠመንጃችሁ በዝግተኛው ጥይት አልሠራ ሲል ብቻ ነው።

«3 ጥይት በአንድ ቀዳዳ ከገባ በቃ፣ ጥይቱ ተገኘ»

3 ምት ዕድል ሊሆን ይችላል። ጥይቱም ጠመንጃውም ሳይቀየር፣ በ10 ምት የሚገኘው የቀዳዳዎቹ ስርጭት ስፋት በ3 ምት ከሚገኘው በአማካይ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የአንዱን ጥይት 3 ምት ከሌላው ጥይት 10 ምት ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ሁለቱንም በ10 በ10 ምት፣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ፈትኑ። ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አስቀምጡት፣ ነፋስ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። «ይሄኛው እኔ ያበላሸሁት ነው» እያላችሁ የራቀውን ምት ከቁጥር አታውጡ።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የ.22 አረሮች የሚቀቡት ቅባት ከአምራች አምራች ይለያያል። ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር በርሜሉ አዲሱን ቅባት እስኪለምድ ከ10 እስከ 20 ጥይት ተኩሱ። መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለልምምድ ያገኙትን፣ ለውድድር ጥሩውን»

ግማሽ እውነት አለው። በአጭር ርቀት ትልቅ ዒላማ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ልምምድ ርካሽ ጥይት አያሳፍርም። ግን ክብደቱና ፍጥነቱ ከውድድሩ ጥይት ጋር ይቀራረብ። የ9 ሚሊሜትር ጥይት አረር 115፣ 124 ወይም 147 ግሬይን (የአረር ክብደት የሚለካበት ትንሽ መለኪያ) ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታም የግፊቱ ስሜትም ይለወጣል። እጃችሁ አንዱን ለምዶ በውድድሩ ቀን ሌላ ቢሰጠው ይደናገራል።

በአይፒኤስሲ (ፍጥነትንና ትክክለኛነትን አጣምሮ የሚፈትን ዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት) የሽጉጥ ውድድር ደግሞ ሂሳብ አለ። የአረሩ ክብደት በግሬይን በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1,000 ይካፈላል። ዝቅተኛው ወለል 125 ነው። 124 ግሬይን አረር በሰከንድ 1,000 ጫማ ቢወጣ ውጤቱ 124 ይሆናል። ወለሉን አላለፈም ማለት ነው፣ ተኳሹም ነጥብ አያገኝም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አትመኑ። በርሜላችሁ ካጠረ ፍጥነቱ ይቀንሳልና በራሳችሁ ሽጉጥ አስለኩት። በሸክላ ዒላማ ተኩስም እንዲሁ ነው። በኦሊምፒክ ውድድሮች የሚፈቀደው የፍንጣሪ (በአንድ ጥይት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እንክብሎች) ክብደት 24 ግራም ሆኖ ሳለ በ28 ግራም መለማመድ ሌላ ስፖርት መልመድ ነው።

«ከከሸፈ ቶሎ አውጥቶ ሌላ ማጉረስ»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አውጡት። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ድምፁ ደከም፣ ግፊቱ ቀለል ያለ ተኩስ ነው። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወዲያው አቁሙ። መሣሪያውን ባዶ አድርጋችሁ በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ሌላ ጥይት ከተኮሳችሁ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

የ.22 ጥይት ከሌሎቹ ይልቅ የሚከሽፍበት ምክንያት አለው። የሚለኩሰው ውህድ የሚገኘው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ነው። አንድ ቦታ ላይ ከሳሳና መቺው እዚያው ካረፈ አይለኮስም። ከካርቶን ሙሉ አንድ ቢከሽፍ አይደንቅም። ሲደጋገም ግን ያንን ሎት ተዉት፣ የመሣሪያውንም መቺ አስመርምሩ።

«አረሩ በመዳብ ከተሸፈነ የእርሳስ ጉዳት የለም»

ብዙዎቹ የተሸፈኑ አረሮች ከበስተኋላቸው ክፍት ናቸው። ትኩሱ ጋዝ እርሳሱን ከዚያ በኩል ያተናል። በብዙ ጥይቶች የሚለኩሰው ውህድም የእርሳስ ውህድ አለበት። ዝግ ቦታ ስትተኩሱ አየር በደንብ የሚዘዋወርበትን ምረጡ። ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ልብሳችሁንም ለብቻው እጠቡ።

«ጥይት በጥቂት ዓመታት ይበላሻል»

ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ የተቀመጠ የዘመናችን ጥይት ለአሥርተ ዓመታት ይሠራል። ጠላቶቹ እርጥበትና ሙቀት ናቸው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። በርካሽ የሚሸጥ የድሮ ወታደራዊ ጥይት ግን ሌላ ነገር ነው። የብዙዎቹ መለኮሻ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረቱም ይዝጋል። ያንን ጨው የሚያነሳው ውኃ ነው፣ ዘይት ብቻውን አይበቃም። በውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡ።

ጥይቱንም ከራሱ ካርቶን አውጥታችሁ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉ። አምራች ችግር አግኝቶ የሸጠውን ጥይት መልሶ ሲሰበስብ የሚጠራው በሎት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም ያለው ካርቶኑ ላይ ነው።