ማስታወቂያና ትራከር የሚያግድ ብራውዘር ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ ማንም አያየኝም»

ኢንኮግኒቶ (የብራውዘሩ የግል መስኮት) የሚደብቃችሁ ያንኑ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከሚነካ ሰው ነው። መስኮቱ ሲዘጋ የጎበኛችኋቸው ገጾች ዝርዝርና ኩኪዎቹ (ድረ ገጾች እናንተን ለማስታወስ ብራውዘራችሁ ላይ የሚያስቀምጧቸው ትንንሽ ፋይሎች) ይጠፋሉ። የምትገቡበት ድረ ገጽና የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ግን ማየታቸውን አያቆሙም። የክሮም ብራውዘር ባለቤት ጎግል በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

«ማስታወቂያ ካልታየኝ የሚከታተለኝ የለም»

ማስታወቂያ ይታያል፤ ትራከር (ከገጽ ገጽ የምታደርጉትን የሚከታተል ዘዴ) አይታይም። አንዳንዱ ትራከር ከነጥብ የማይበልጥ ስዕል ነው። ስለዚህ ብራውዘር ስትመርጡ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ። ፋየርፎክስ ገና ሲጫን ብዙ የመከታተያ ኩኪዎችን ያግዳል፤ አብዛኛውን ማስታወቂያ ግን ያሳልፋል። ሳፋሪም ከ2020 ጀምሮ የሌላ ድረ ገጽ ኩኪዎችን በሙሉ ያግዳል፤ ማስታወቂያውን ለማጥፋት ግን ተጨማሪ መተግበሪያ ይፈልጋል። ብሬቭ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ያግዳል።

«ዋናው ኤክስቴንሽኑ ነው፣ ብራውዘሩ የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ድሮ እንደ ዩብሎክ ኦሪጅን ያለ ማገጃ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ከገጹ የሚወጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱ እያየ፣ ይለፍ አይለፍ ብሎ ይወስን ነበር። ጎግል በክሮም ላይ ማኒፌስት ቪ3 የተባለውን የኤክስቴንሽን አሠራር ሲያመጣ ይህን ሥልጣን ወሰደው። አሁን ኤክስቴንሽኑ የደንብ ዝርዝር አዘጋጅቶ ለብራውዘሩ ያስረክባል፤ የሚወስነው ብራውዘሩ ነው። በዚህ የተነሳ ዋናው ዩብሎክ ኦሪጅን ክሮም ላይ መሥራት አቁሟል፤ የቀረው ላይት የተባለው ቀለል ያለው ነው። ላይት መጥፎ አይደለም፤ አቅሙ ግን ውስን ነው። ፋየርፎክስ የድሮውን አሠራር ስላልተወ ዋናው እዚያ እንደልቡ ይሠራል። ስልክ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፦ የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን ጭራሽ አይቀበልም፣ የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ይህ ብቻውን ብራውዘር ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

«በክሮሚየም የተሠራ ሁሉ ያው ክሮም ነው»

አይደለም። ብሬቭ የተሠራው ክሮም ራሱ በተሠራበት ክፍት ኮድ፣ በክሮሚየም ነው፤ ማገጃው ግን በብራውዘሩ ውስጥ አብሮ የተገነባ እንጂ ኤክስቴንሽን ስላልሆነ የማኒፌስት ቪ3 ለውጥ አልነካውም።

«ማገጃ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል»

ሁለት ማገጃዎች እርስ በርስ ሊጋጩ ይችላሉ። ከዚህ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፦ ማገጃ ኤክስቴንሽን አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ የማንበብ ፈቃድ አለው። የማታውቁትን ሰው ሥራ በዚህ ፈቃድ አትጫኑ። የታመነ አንድ ይበቃል።

«ቪፒኤን ካለኝ ማገጃ አያስፈልገኝም»

ቪፒኤን ግንኙነታችሁን በሌላ ሰርቨር አሳልፎ የአይፒ አድራሻችሁን (የኢንተርኔት መለያ ቁጥራችሁን) ይለውጣል እንጂ ኩኪ አይሰርዝም። አካውንታችሁ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ማንነታችሁን ራሳችሁ ነግራችኋል።

«አንድ ገጽ ካልከፈተልኝ ማገጃውን ማጥፋት አለብኝ»

ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፉት። ማገጃዎቹ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አላቸው፤ ሌሎቹ ገጾች እንደታገዱ ይቆያሉ።