«ፋየርበርድ» እና በሶቪየት ጦር ውስጥ የተከለከለ ፍቅር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ፋየርበርድ» ፊልም ታሪክ በ2025 መጀመሪያ ላይ ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ሄድ ቲያትር ለመድረክ በቅቷል። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኢስቶኒያ፣ በአየር ኃይል ጣቢያ ውስጥ ብሔራዊ ውትድርናውን የሚጨርስ ወጣትና አንድ ተዋጊ አብራሪ ይዋደዳሉ። በዚህ ታሪክ ዙሪያ በስህተት የሚነገረው ብዙ ነው።

«ታሪኩ ፈጠራ ነው።» መነሻው ሰርጌይ ፌቲሶቭ የተባለ ሩሲያዊ ተዋናይ የራሱን ሕይወት የጻፈበት ማስታወሻ ነው። ርዕሱ ደግሞ ሩሲያዊው ሙዚቀኛ ስትራቪንስኪ ያቀናበረውንና በ1910 ፓሪስ ላይ የታየውን የባሌት ዳንስ ያስታውሳል።

«የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን መጀመሪያ የከለከሉት ኮሚኒስቶች ናቸው።» ክልከላው በሩሲያ ጦር ነው የጀመረው። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1716 በወታደራዊ ደንቡ ወታደሮችን ብቻ ከለከለ፤ ሲቪሉን ሕጉ የነካው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የ1922ቱ የሶቪየት ሩሲያ የወንጀል ሕግ ጭራሽ አላነሳውም። በ1934 መልሶ ወንጀል ያደረገው የስታሊን መንግሥት ነው። በ1960ው ሕግ የአንቀጹ ቁጥር 121 ሆነ፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስር። ሕጉ የሚናገረው ስለ ወንዶች ብቻ ነበር። ጸሐፌ ተውኔት ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ 121 የሩሲያ ቁጥር ነው፣ የዩክሬን 122 ነበር፤ እያንዳንዱ ሪፐብሊክ የራሱ ሕግ ነበረው።

«ሁሉም ወንድ ስለሆነ መገናኘት ቀላል ነበር።» ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ድራማውንም ይገድለዋል። የግዳጅ ወታደር የሚተኛው አልጋ በተደረደረበት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ የሚቆለፍ በር የለውም። ከ1967 ወዲህ በሶቪየት ጦር አገልግሎቱ 2 ዓመት ነበር፣ በመርከብ ላይ 3። መኮንን ሌላ ቦታ ያድራል፤ ስለዚህ ወታደርና መኮንን በተገናኙ ቁጥር ሰበብ ያስፈልጋቸዋል። የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ለዚህ ይመቻል፦ ብርሃን ከገባ ፎቶው ስለሚበላሽ በሩን መዝጋት ማንንም አያስጠረጥርም። የወታደሩንም ልብስ በቅርብ እዩት። በየምሽቱ ከኮሌታው ውስጠኛ ክፍል ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይሰፋል፤ ጠዋት በሰልፍ ይፈተሻል። መርፌው ክር ተጠምጥሞበት ከቆቡ ውስጥ ተሰክቶ ይኖራል። አብራሪው ይህን መርፌ ከወታደሩ እጅ ቢቀበል፣ ከረጅም ንግግር ይልቅ ያ እጅ ይናገራል። ኮሌታው ቆሽሾ ወይም ነጩ ጨርቅ ሳይኖር መድረክ የሚወጣ ተዋናይ ግን ሶቪየት ወታደር አይመስልም።

«አደጋው ፍርድ ቤት ብቻ ነበር።» በጦር ክፍሎች ውስጥ የሶቪየት የደህንነት ድርጅት የሆነው የኬጂቢ ልዩ ክፍል ነበር፤ ምርመራ ለመጀመር አንድ ስም የለሽ ደብዳቤ ይበቃዋል። መኮንኑ ከመታሰሩ በፊት የፓርቲ አባልነቱን፣ ማዕረጉንና በረራውን ሊያጣ ይችላል። ጋብቻ መሸሸጊያ የሚሆነው ለዚህ ነው። የምታገባው ሴት ግን የተዋደዱት ሰዎች ጠላት አይደለችም፤ እሷም ተጎጂ ናት፤ ክፉ አድርጎ መሳል ታሪኩን ያኮስሰዋል።

«ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ሕጉም አብሮ ፈረሰ።» ዩክሬን በ1991፣ ኢስቶኒያ በ1992፣ ሩሲያ በ1993 ነው ያነሱት። በ1992 ሞስኮ ላይ የሚያልቅ ትዕይንት ከጻፋችሁ፣ አንቀጽ 121 ገና በሥራ ላይ ነው።