ብስክሌተኛው በባሕር ዳር መንገድ ላይ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳማ ከተማ ናት። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በቀር እግር የሚያዝል ዳገት ስለሌላት፣ ሳይክል እዚህ የስፖርተኛ ወይም የልጆች ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ እንጀራ ፍለጋ የሚወጣበት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ከተከፈቱበት ከ1950ዎቹ ወዲህ ከተማዋ የሠራተኛና የተማሪ ከተማ ናት። መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች እናት፣ መጋዙን በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ከኋላ መጫኛው ጋር የጠፈረ አናጢ፣ ሁሉም ይነዳሉ። በሳይክል መሄድ በሰው ዓይን አያሳንስም።

አስፋልቱ ላይ ግን ክብር የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው። ባጃጁ ለሚኒባሱ፣ ሚኒባሱ ለሲኖትራኩ መንገድ ይለቃል፤ ብስክሌተኛው ለሁሉም። እግረኛው እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ከጀርባው የደረሰበትን ሳይክል እንደ ጥፋተኛ ያየዋል።

ከአሽከርካሪ አዘውትሮ የሚሰማው ቃል «ዳርህን ያዝ!» ነው። የመንገዱ ዳር ግን የብስክሌተኛው ብቻ አይደለም። ባጃጅ ተሳፋሪ የሚያነሣውና የሚያወርደው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ የግንባታ አሸዋ የሚደፋው፣ በክረምት ውኃ የሚተኛው እዚያው ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ የሚመለስ ሰው ያውቀዋል፦ ከፊቱ ያለው ባጃጅ «ወራጅ አለ» ሲባል ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ሚኒባስ አለ፤ ወደ ግራ ቢሸሽ ጥሩምባ ይጮኽበታል። የሚቀረው አንድ እግሩን ጠርዙ ላይ አሳርፎ፣ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሒሳብ ከፍሎ፣ መልስ እስኪቀበል መጠበቅ ነው። ስድብ ባይጨመርበትም ይህ ንቀት ነው፤ በየቀኑ የሚደርስ ስለሆነም ያማል።

ብስክሌተኛውም ከጥፋት አይነጻም፤ በምሽት ያለ መብራት፣ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ ይነዳል።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው፣ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የራሳቸው መስመር ተሠርቶለታል። እዚያ ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን እየነዱ ሲያወሩ ይታያል። በሌሎቹ መንገዶች ላይ ተከታትለው፣ ዝም ብለው ነው የሚሄዱት።