ጃዝ ጊታርን በጆሮ መማር፦ ከጅማ የተጻፈ አጠቃላይ ዳሰሳ

ታላላቅ ጊታሪስቶችን እየሰሙ የጃዝን ቋንቋ መልመድ ሙዚቀኞች «ማውጣት» የሚሉት ሥራ አንዱ ዘርፍ ነው። ሶሎው፣ ማለትም አንድ ተጫዋች ጎልቶ ብቻውን የሚጫወተው ክፍል፣ ይሰማል፣ በአፍ ይዜማል፣ ከዚያ ክር ላይ ይፈለጋል። ኖታ ዘግይቶ ቢመጣም ችግር የለውም። በአማርኛ ነገሩን አንድ ቦታ ተሰብስቦ ማግኘት ስለሚያስቸግር እዚህ በአጭሩ ቀርቧል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰው የሚያውቃት በቡናዋና ጅሬን ላይ ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። የጃዝ ነገር ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚጠራው የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ ነው። የተወለደው በ1943 እዚሁ ጅማ ነው። ዌልስ ሄዶ ተማረ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች አወጣ። መሣሪያው በመዶሻ የሚመቱ የብረት ቁልፎች ያሉት ቫይብራፎን እንጂ ጊታር አይደለም። የጅማ ጊታር ተማሪ ግን የእሱን ሥራ ሳይሰማ ማለፍ የለበትም።

በጆሮ መማር ለጅማ ልጅ እንግዳ አይደለም። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ኡስታዙ ያለውን እየደጋገመ ነው የሚይዘው። የዜማ ተማሪም ከየኔታ አፍ ይቀበላል። ምልክቱ በመጽሐፍ ላይ አለ፤ ድምፁ የሚተላለፈው ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ጃዝም ያደገው በዚሁ መንገድ ነው።

በጊታር በኩል መነሻው ቻርሊ ክርስቲያን ነው ቢባል ስህተት የለውም። ኤሌክትሪክ ጊታር በመቅዳት የቀደሙት አሉ፣ ለምሳሌ ኤዲ ደርሃም። ጊታርን እንደ ሳክስፎን ያናገረው ግን ክርስቲያን ነው። በ1916 ተወለደ፣ ኦክላሆማ ሲቲ አደገ፣ የሌስተር ያንግን ቴነር ሳክስፎን በጥሞና ሰማ። በ1939 የክላርኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን ቡድን ውስጥ ገባ። በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የቀዳው ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ ፊደል ሆነ።

ይህን ፊደል ቆጥሮ የተነሳው ደግሞ ዌስ ሞንትጎመሪ ነው። የኢንዲያናፖሊስ ሰው ነው፣ በ1923 ተወለደ። ጊታርን የምር የያዘው ካገባ በኋላ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የክርስቲያንን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ አንድ በአንድ አወጣቸው። የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘውም እነሱን እንዳሉ መጫወት በመቻሉ ነው። ኖታ አያነብም ነበር። ክሩን በፒክ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ነበር የሚመታው፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ነው ይባላል። ከ1948 ጀምሮ ከቡድን መሪው ላዮኔል ሃምፕተን ጋር ለሁለት ዓመት ያህል ዞረ። ከዚያ አገሩ ተመልሶ ቀን ፋብሪካ፣ ማታ ክለብ ይሠራ ነበር። በ1959 ሳክስፎኒስቱ ካኖንቦል አደርሌ ሰምቶት ለሪቨርሳይድ የሸክላ ኩባንያ አስታወቀው። በ1960 የወጣው አልበሙ ስሙን ዓለም ላይ አስጠራ። በ1968 በ45 ዓመቱ አረፈ።

ዌስን ስትሰሙ የሶሎውን አሠራር ልብ በሉ። መጀመሪያ በነጠላ ድምፅ ይጀምራል። ከዚያ ያንኑ ድምፅ ከታችና ከላይ ደርቦ በኦክታቭ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በሙሉ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ድምፅ በአንዴ እየመታ፣ ይነጉዳል። ቤት ሲሠራ እንደማየት ነው፦ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ።

ሌሎች የሚሰሙ ጊታሪስቶችም አሉ። ጃንጎ ራይንሃርት በ1928 በደረሰበት ቃጠሎ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች ተጎድተው እንኳ በቀሩት ተአምር ሠርቷል። ጂም ሆል ዝምታን መጫወት ያስተምራል። ለጀማሪ ግን ግራንት ግሪን ይሻላል። ሶሎው ላይ ኮርድ አይደራርብም፣ ሐረጎቹ አጫጭር ናቸው፣ ይደጋግማቸዋል። ከእኛ አገር ጊታሪስቶች ሰላም ስዩምንና ግሩም መዝሙርን ሳይሰሙ መቅረት ጉዳት ነው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ከአንድ ሶሎ አራት ሰከንድ የምትሆን ሐረግ ምረጡ። ሃያ ጊዜ ስሙ። ጊታሩን አትንኩ። መጀመሪያ በአፋችሁ በሉት፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ጨምሮ። አፍ ያልያዘውን ጣት አይዝም። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም 0.5 ማውረድ ይቻላል፤ ድምፁ አይወፍርም። ከዚያ የመጀመሪያውን ድምፅ ክር ላይ ፈልጉ። አንድ ድምፅ ብዙ ቦታ ስለሚገኝ፣ እጅ ሳይዘል የሚቀጥለውን የሚያስይዘውን ምረጡ። ሲያልቅ ከቀረጻው ጋር አብራችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ወደ አሥራ ሁለቱም ቁልፎች ውሰዱት፤ ማለትም ከአሥራ ሁለቱም ድምፆች እየተነሳችሁ ተጫወቱት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰለቸው። ሐረጉ የራስ የሚሆነው ግን እዚህ ጋ ነው።

የኛ ጆሮ ባዶ ሆኖ አይጀምርም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከላ ተነስተን ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብንል ባቲ ማይነር ይሆናል፤ ስያሜው ከመምህር መምህር ይለያያል። ይህ የብሉዝ መሠረት ከሆነው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል፣ ከማይነር ፔንታቶኒክ ጋር አንድ ነው። በሬና በሚ መሀል ያለችውን ድምፅ ጨምሩበት፣ ብሉዝ ሆነ። ስዊንግ የሚባለው የጃዝ ምትም ሩቅ አይደለም። አንድን ምት ለሦስት ከፍሎ መሀሉን መዝለል ነው ቢባል ለጊዜው ይበቃል። ችክችካ የሚረግጥ እግር ሦስቱን ያውቃቸዋል።

የሚያስቸግረው አምስቱ ድምፅ ውስጥ የሌለው ነው። በዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን ኮርዶች (Dm7፣ G7፣ Cmaj7) ላይ የጃዝ ሰዎች ከዶ ወደ ሲ (ከላ ቀጥሎ ያለው ድምፅ እንጂ የኮርዱ ስም C አይደለም)፣ ከፋ ወደ ሚ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ኮርዱ ሲቀየር ጆሮ የሚያውቀው በእነዚህ ነው። ትዝታ ሜጀር ላይ ፋም ሲም የሉም፤ ስለዚህ እነሱን ለብቻ ማዜም ያስፈልጋል። ሙላቱ በቃለ መጠይቆቹ እንደሚለው፣ የደራሼ ሕዝብ ሙሉና ግማሽ ድምፅ እያፈራረቀ የሚሄደውን ዲሚኒሽድ ስኬል ከጃዝ ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ምሁራን ይከራከሩበት፤ ሰውየው ግን ጆሮው የሚታመን ነው።

ክረምት ላይ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ባሱ አይሰማም። ጠዋት ሳይዘንብ መሥራት፣ አለዚያ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። መብራት ከሄደና አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ማጉያ) ከሌለ የጊታሩን አናት ቁም ሣጥኑ ላይ ደገፍ አድርጉት። ሣጥኑ ይንቀጠቀጥና ድምፁን ያጎላዋል። ዝግ ብላችሁ ከመታችሁት፣ የዌስ ኦክታቭ ሁለቱም ድምፆች ተለይተው ይሰማሉ።