የሕክምና ቁርኝት ምንድን ነው?

ጎንደር ላይ «ቁርኝት» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የኤችአይቪ መድኃኒትን ነው። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ታካሚው የታዘዘለትን ሕክምና በመጠኑና በሰዓቱ፣ ሳያቋርጥ መያዙ ማለት ነው። ክኒን ከሆነ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው ግን ሕክምናው የሚዋጥ አይደለም፤ ፊት ላይ አስረውት የሚያድሩት ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ሰውየው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላና የአየር መተላለፊያው ይደፈናል። ትንፋሹ 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ አንጎሉ ይባንናል፣ አየር ይስባል፣ እንደገና ያንኮራፋል። ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ከባድ ደረጃ ይባላል። እርሱ ግን አብዛኛውን አያስታውሰውም፤ የሚያውቀው ጠዋት ራሱን እንደሚያመው፣ ቀን ባጃጅ እየነዳ እንደሚያንቀላፋ ነው።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው ሲፓፕ በጭምብል በኩል አየር እየገፋ መተላለፊያውን ክፍት ያደርጋል። ከሥሩ አይፈውስም፤ ካላደረጉት ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ ቁርኝቱ በሰዓት ይለካል። በአሜሪካ የተለመደው መስፈርት ከሌሊቶቹ በ70 በመቶው ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀም ነው።

ገቢ እዚህ ላይ ይገባል። ታካሚው ከዋጋው ድርሻ በሚከፍልባት በእስራኤል በተደረገ ጥናት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑት መሣሪያውን ከመነሻው የመውሰድ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የሚጠበቅ ነው። እኔን ያሳሰበኝ በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ የተደረገው ጥናት ነው፤ መሣሪያው በነጻ ከሚሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች መካከል እንኳ በድሃ ሰፈር የሚኖሩት ያነሰ ተጠቅመውበታል። ታዲያ ዋጋው ተነሥቶ ምን ቀረ?

አዘዞ ውስጥ አንዲት የኪራይ ክፍል እናስብ። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር አብረው ይተኛሉ፤ ሶኬቱ አንድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውም ይጠፋል። አባወራው የሌሊት ጥበቃ ከሆነ የሚተኛው ቀን፣ በልጆች ጫጫታ መሐል ነው፤ የሚለካበትን 4 ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ጭምብሉ ያረጃል፣ ማጣሪያው ይለወጣል፣ ማርጠቢያው የተጣራ ውኃ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። ጭምብሉ አየር ሲያፈስ፣ አፍ ሲደርቅ፣ አፍንጫ ሲታፈን ተመልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። ደመወዝተኛው ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የቀን ሠራተኛ ግን የመኪናውን፣ የአልጋውንና የቀረበትን የቀን ገቢ ያሰላና መሣሪያውን ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ካርዱ ላይ «ክትትል ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ አጻጻፍ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱን ሁሉ ታማሚው ላይ ጥሎ ያልፋልና።

ሲፓፕ ከማዘዝ በፊት ታካሚው የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ በሳምንት ስንት ሌሊት መብራት እንደሚጠፋበት መጠየቅ የምርመራው አካል ሊሆን ይገባል። በጎን መተኛትና ከመኝታ በፊት አረቄ መተው ገንዘብ አይጠይቁም፤ ቀላል ደረጃ ላይ ያለውን ሊረዱት ይችላሉ። ከባድ ደረጃ ላይ ላለው ግን የመሣሪያውን ቦታ አይተኩም።